የጸደቀ የአየር ንብረት ለውጥ ማጣጣሚያ ዕቅድ ከመደርደሪያ ወርዶ በጀት ውስጥ እንዲገባ ምን ይደረግ?

ዕቅድ_ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ወንዝ መሃሏን ለሚያቋርጣት፣ 150 ሺህ ያህል ሕዝብ ላላት የክልል ከተማ የአየር ንብረት ለውጥ ማጣጣሚያ ዕቅድ ተዘጋጅቶ በምክር ቤት ጸድቋል። 34 ተግባራት አሉት፤ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የወንዝ ዳርቻ ጥበቃ፣ የተራቆተ ተራራ ማልማት፣ የመጠጥ ውሃ ብክነት ቅነሳ፣ ሌላም። ባለቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ተብሎ ተጽፏል። እስካሁን የተነካው ችግኝ ተከላው ብቻ ነው። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ላይ ይገኛሉ፣ ይስማማሉም፤ የበጀት ጥያቄያቸው ውስጥ ግን አንድም መስመር አያስገቡም። ሥራው የማን መሆን አለበት? በጀት ውስጥስ የሚገባው በየት በኩል ነው? እንደገና ማቀድ ሳያስፈልግ የሚስተካከል ከሆነ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

በጀት_ተንታኝ

እንደገና ማቀድ አያስፈልግም። ባለቤቱንና የጊዜ ሰሌዳውን አስተካክሉ።

የክልል ከተማ ገንዘብ ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣው። ትምህርት፣ ጤና፣ አካባቢ ጥበቃና የመሳሰሉት መንግሥታዊ አገልግሎቶች ከክልሉ በሚመጣ ጥቅል ድጎማ ነው የሚተዳደሩት፤ ከዚያም አብዛኛው ደመወዝ ነው። ቦይ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ጽዳትና መናፈሻ ግን ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት ናቸው፤ ወጪያቸው ከሊዝ፣ ከቦታና ቤት ግብር፣ ከአገልግሎት ክፍያ ይሸፈናል። የእናንተ ዕቅድ ባለቤቱ በአንደኛው ካዝና፣ ሥራው በሌላኛው ካዝና ሆኖ ተለያይቷል። አካባቢ ጥበቃ የሌለውን ገንዘብ ማዘዝ አይችልም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ በስሙ ያልተጻፈ ሥራ አይጠየቅበትም።

ስለዚህ 34ቱን ተግባራት አንድ በአንድ ያንን ነገር ዛሬም ለሚጠግነው መሥሪያ ቤት አስተላልፉ። ለአካባቢ ጥበቃ ክትትሉንና የማረጋገጫ ፊርማውን ተዉለት። ማስተባበሩ በከንቲባው ጽሕፈት ቤት ይሁን፤ የገንዘብ ኃላፊው አባል የሆነበት፣ ክፍያ ማዘዝ የሚችል ሰው የሚሰበስበው ኮሚቴ መሆን አለበት።

ቀጥሎ የአጻጻፉ ነገር አለ። «የጎርፍ ተጋላጭነትን መቀነስ» የሚል ተግባር በጀት አያገኝም፤ ማንም ዋጋ ሊያወጣለት አይችልም። እንዲህ ጻፉት፦ ከመናኸሪያው እስከ ድልድዩ ያለው 1,400 ሜትር ቦይ፣ ወርዱ 0.8 ሜትር፣ የደለሉ ውፍረት 0.3 ሜትር። 336 ሜትር ኩብ ይመጣል። ሲቆፈር ስለሚነፋ 400 ያዙለት፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 25 ምልልስ ነው። የጉልበት፣ የመኪናና የመድፊያ ቦታ ዋጋ ሲጨመርበት የበጀት ኮሚቴ ሊከራከርበት የሚችል ቁጥር ይሆናል። በ117 ከተሞች ሲሠራበት በነበረው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ታቅፋችሁ ከነበር የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድና የንብረት አስተዳደር ዕቅድ ማዘጋጀትን ታውቁታላችሁ። መግቢያው በር እሱ ነው፦ አዲሱ ግንባታ በመጀመሪያው፣ ጥገናው በሁለተኛው ይግባ።

ትልቁ ወጥመድ ግን ቀን መቁጠሪያው ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዝናቡም የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ለቦይ መጥረጊያ የተያዘ ገንዘብ ሐምሌ ጸድቆ፣ ነሐሴ ተለቅቆ፣ ግዥው መስከረም ሲጀመር ጎርፉ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። የመጪው ክረምት ዝግጅት በያዝነው ዓመት በጀት፣ ከግንቦት 30 በፊት ማለቅ አለበት። ይህን በዕቅዱ ላይ በቀን ካልጻፋችሁት ገንዘቡ ሰኔ 30 ሳይሠራበት ተመላሽ ይሆናል። ለችግኝም ያው ነው፤ ጉድጓዱና ችግኙ ከአንዱ ዓመት በጀት፣ ከጥር እስከ ግንቦት የሚደረገው ውሃ ማጠጣት ከሌላው ዓመት በጀት ስለሆነ ሁለተኛው ይረሳል፤ ችግኙም የሚሞተው ያኔ ነው።

ድሬኔጅ_መሐንዲስ

በበጀቱ እስማማለሁ። ነገር ግን ጠባብ ቦይ በዓመት ሁለቴ ብትጠርጉትም ያው ጠባብ ነው። ዕቅዱ ላይ የተጠቀሱት ቦዮች ከተማው ከመስፋቱ በፊት የተሠሩ ከሆኑ ስሌቱን እንደገና አሠሩ። ለትንንሽ ተፋሰስ፣ እስከ 50 ሄክታር ድረስ፣ የተለመደው ቀመር ይበቃል፦ የፍሰት ቅንጅትን (ከጣለው ዝናብ ሳይሰርግ የሚፈሰውን ድርሻ) በዝናብ ጥንካሬ (ሚሊ ሜትር በሰዓት) እና በሄክታር አባዝቶ ለ360 ማካፈል። 12 ሄክታር ሰፈር፣ ግማሹ ሣርና ባዶ መሬት ሳለ ቅንጅቱ 0.5 ቢሆን፣ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚጥል ዝናብ በሴኮንድ 1 ሜትር ኩብ ይመጣል። ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ሲሆን፣ ቆርቆሮው ሲጠጋጋ ቅንጅቱ 0.85 ይደርሳል፤ ያው ዝናብ 1.7 ሜትር ኩብ ያመጣል። ሰማዩ ምንም ሳይለወጥ ጎርፉ በ70 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። የዝናቡም ጥንካሬ ሲጨምር በዚያው ላይ ይደመራል። በየሰፈሩ «ዘንድሮ ዝናቡ ከፋ» ሲባል ከምክንያቱ ከፊሉ የግንባታ ፈቃዱ ነው።

አመራሩ እንዲያውቀው የሚያስፈልግ ሌላ ቁጥር አለ። «የ10 ዓመት ጎርፍ» ማለት በ10 ዓመት አንዴ የሚመጣ ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ 10 በመቶ ዕድል ያለው ነው። በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 65 በመቶ ነው። ለመንገድ ዳር ቦይ ይህ ሊበቃ ይችላል፤ ለሆስፒታል መግቢያና ለዋና ድልድይ ግን አይበቃም። የትኛው ቦታ ምን ያህል ስጋት እንደሚሸከም መወሰን የምክር ቤቱ ሥራ ነው፣ ለአማካሪ መሐንዲስ የሚተው አይደለም።

ጥገና ላይ በየከተማው የሚደጋገመው ጥፋት የወጣውን ደለል ቦዩ አፍ ላይ ከምሮ መሄድ ነው። መጀመሪያ የጣለው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ውሉ ላይ «በ48 ሰዓት ውስጥ ተጭኖ ካልተነሳ ክፍያ የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ ክፍያውም በተጠረገ ሜትር ሳይሆን መድፊያው ቦታ ላይ በተቆጠረ ምልልስ ይሁን። ካልቨርት (በመንገድ ሥር የሚያልፍ የውሃ መተላለፊያ) የሚደፈነው በአብዛኛው በሃይላንድና በፌስታል ስለሆነ ከመግቢያው ቀደም ብሎ ዘንበል ያለ የብረት ፍርግርግ ይሠራ፤ ስፋቱ ከካልቨርቱ አፍ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። አፉ ላይ ልክክ ብሎ የተገጠመ ፍርግርግ ራሱ ግድብ ይሆናል። የብረት ክዳን ለቁርጥራጭ ብረት ስለሚሰረቅ የኮንክሪት ይሁን፦ 60 በ50 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነው 72 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ሁለት ሰው በመንጠቆ ያነሳዋል። ከዚያ ከተለቀ ማንም ከፍቶ አይጠርገውም።

ፕላን_ባለሙያ

በጀት_ተንታኝ፣ ሥራውን ማከፋፈሉ ጥሩ ነው፤ ግን ማከፋፈል ብቻውን ምን እንደሚያመጣ አዲስ አበባን ማየት ይቻላል። የዝናብ ውሃ መውረጃው የመንገዶች ባለሥልጣን፣ የቤት ፍሳሹ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ ደረቅ ቆሻሻው የጽዳት አስተዳደር፣ የወንዝ ብክለቱ የአካባቢ ጥበቃ ነው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከዝናብ ቦይ ጋር በሕገ ወጥ መንገድ ተያይዞ፣ ፌስታል ዘግቶት መንገድ ላይ ሲገነፍል አራቱም በየድርሻቸው ትክክል ናቸው፤ ነዋሪው ግን በሽታው መሃል ነው የሚኖረው።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ይጨመር። አንደኛ፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት የሚሠራበት አንድ የቦይ ካርታ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መለያ ቁጥር፣ ወርድ፣ ጥልቀት፣ መጨረሻ የተጠረገበት ቀን ያለው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጂፒኤስ ያለው ስልክና ሁለት ወጣት ቴክኒሻን ነው። ሁለተኛ፣ የግንባታ ፈቃድና ሳይት ፕላን ከመሰጠቱ በፊት በዚያ ካርታ ላይ መታየት ግዴታ ይሁን። የወንዝ ዳር ክልሉም ከወንዙ መሃል ሳይሆን ጎርፉ ከሚደርስበት ዳርቻ ይለካ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን ያዛል፤ ነገር ግን ጥናት የማይጠየቅበት ትንሽ ግንባታ ሲደማመር ነው ሰፈር የሚያሰጥመው። ስለዚህ ማጣሪያው እያንዳንዱ ፈቃድ የሚሰጥበት መስኮት ላይ ይቀመጥ።

የላይኛው_ተፋሰስ

ማንም ያላነሳው ነገር፦ ወንዞቻችሁ የሚነሱት ከከተማው ክልል ውጭ ነው? ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የሞተው ከላይ በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ በጣለ ዝናብ ነው። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ ግን የሚይዘው የመጣለትን ያህል ነው፤ የሚመጣው መጠን የሚወሰነው የከተማ አስተዳደሩ ምንም ሥልጣን በሌለው ቀበሌ ነው። ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውሃ የሚይዙት ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳም ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ከጎረቤት ወረዳ ጋር የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋችኋል። ውስጡ እነዚህ ካልተጻፉ ወረቀት ብቻ ነው፦ ላይ የሚተከለውን ዝናብ መለኪያና የወንዝ ከፍታ መለኪያ በትር የሚያነበው ሰው አበል ከማን እንደሚከፈል፤ ውሃው የትኛው ምልክት ሲደርስ ለማን እንደሚደወል፤ ስልክ ካልተነሳ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተደዋይ ማን እንደሆኑ፤ ሌሊት ሳይረን የሚነፋው ማን እንደሆነ። ጎርፍ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሥራ ሰዓት ውጭ ነውና የቢሮ ስልክ አትመዝግቡ።

የእርከንና የክትር (ደለል የሚያስቀር ትንሽ ግድብ) ሥራም ከከተማው በጀት ወደ ላይኛው ወረዳ የሚሄድበት መስመር ይኑር። ምክር ቤቱ «የእኛ ገንዘብ ለሌላ ወረዳ?» ይላል። በየክረምቱ ከመሃል ከተማ የሚነሳው ደለል ከየት እንደመጣ፣ ለማንሳቱ ስንት እንደወጣ አስልታችሁ አቅርቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳምነው እሱ ነው። ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2011 በሁለት ሰዓት ግድም ወደ 150 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደባት በኋላ በቀጣዩ ዓመት ዕቅድ አውጥታለች፤ በኋላም 300 ያህል ፕሮጀክቶች ተዘርዝረውበታል። ዕቅዱን ያስኬደው ግን ሕጉ ተሻሽሎ የውሃ ታሪፍ ገንዘብ በጎዳናና በመናፈሻ ላይ ለሚሠራ የጎርፍ ሥራም እንዲውል መፈቀዱ ነው። የእኛ አገር ታሪፍ ያን ያህል አይሸከምም፤ የገንዘቡ መንገድ በሕግ መከፈቱ ግን ለእኛም ይሠራል።

ዕቅድ_ክፍል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ወንዞቹ አዎ፣ ከላይ ካለው ወረዳ ነው የሚነሱት፤ ስምምነት የለንም። አንድ ልጨምር፦ ከላይ የሚጠየቀን ሪፖርት የተተከለ ችግኝ ብዛት ነው። ሌላውን ሥራ በምን እንለካው?

በጀት_ተንታኝ

የሚጠየቀውን ቁጥር ስጡ፣ ግን አጠገቡ ሌላ ዓምድ ጨምሩ፦ ከ12 ወርና ከ24 ወር በኋላ ቆሞ የተገኘ ችግኝ፣ በናሙና ተቆጥሮ። ለጎርፍ ሦስት መለኪያ ይበቃል፤ እስከ ግንቦት 30 የተጠረገ ሜትር ከዕቅዱ ጋር፣ ዋና ዋና መንገዶች በውሃ የተዘጉበት ሰዓት ድምር፣ ውሃ የገባበት ቤት ቁጥር በቀበሌ። የመጨረሻውን የቀበሌ ሠራተኛ ዝናቡ በጣለ ማግስት ይመዝግበው፤ በወሩ መጨረሻ ከተጠየቀ እርዳታ ይገኛል በሚል ይጋነናል፣ ወይም ይረሳል።

ጉልበት ለሚጠይቀው ሥራ በከተሞች ሴፍቲኔት የታቀፉ ነዋሪዎች ካሉ የቦይ ጠረጋው በማኅበረሰብ ሥራ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ ጓንትና ቦቲ ጫማ ግን አስቀድሞ ተገዝቶ ይቅረብ። የመጸዳጃ ፍሳሽ የገባበትን ቦይ በባዶ እጅ ማስጠረግ አይገባም፤ እሱ መስመር ለቫኪዩም መኪና ይተው።