ከሞተርና ከካምቢዮ መጋጠሚያ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ካምቢዮ ይውረድ?

ዓባይ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ፣ ሞተሯ 1ኤንዜድ፣ ካምቢዮዋ ማኑዋል ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ትሠራለች፣ አልፎ አልፎ ጎንደር ትመላለሳለች። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ሥር ዘይት ያንጠባጥባል፤ ያደረችበት ቦታ ጠዋት መዳፍ የሚያክል እድፍ አለ። በ1000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ገደማ እጨምራለሁ። ጋራዥ ያየው ባለሙያ «የክራንኩ የኋላ ሲል (በካምቢዮ በኩል የሞተሩን ዘይት የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ሄዷል፣ ካምቢዮ ይውረድ» አለ። ሳላስወርድ ማረጋገጥ እችላለሁ?

ቁልፍ 14፦
ወንድሜ፣ አትቸኩል። ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፣ መኪናዋ ስትሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚንጠባጠብበትና የሚያፈስበት ቦታ አንድ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጋስኬት፣ ማለት የጎማ ማሸጊያው፣ በሙቀት ደርቆ በካምቢዮ በኩል ባለው ጥግ ሲያፈስ፣ ዘይቱ በሞኖብሎኮው (በሞተሩ ዋና አካል) ጎን ወርዶ መጋጠሚያው ላይ ይጠራቀምና የኋላ ሲል ይመስላል።

መጀመሪያ ጠብታውን በነጭ ወረቀት ተቀበልና አሽትተው። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለ ነው፣ የድኝ ዓይነት ሽታም አለው፤ እሱ ከሆነ ችግሩ የካምቢዮው ሲል ነው። የሞተር ዘይት ከሆነ ሞተሩ ሲበርድ ዲናሞውንና ኮይሎቹን በላስቲክ ሸፍነህ አሳጥብ። እባክህ ጣና ዳር ወይም ዓባይ ዳር አታሳጥበው፣ ያ ሁሉ ዘይት ውኃው ውስጥ ነው የሚገባው። ሲደርቅ በክዳኑ ዙሪያ፣ በዘይት ግፊት ስዊቹና በመጋጠሚያው ላይ የሕፃናት ፓውደር ነስንስ። ወደ ጎንደር መውጫ በአስፋልቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ንዳ፤ ጥርጊያ መንገድ ከገባህ አቧራው ፓውደሩን ያበላሸዋል። ከዚያ በባትሪ መብራት ከላይ ወደ ታች እይ። ፓውደሩ ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር ታገኛለህ፤ የመስመሩ ጫፍ፣ ከሁሉ ከፍ ያለው እርጥብ ነጥብ፣ ምንጩ እሱ ነው። ላዩ ሁሉ ደረቅ ሆኖ መጋጠሚያው ሥር ብቻ ከረጠበ፣ ያኔ የኋላ ሲል ነው።

ዓባይ ማዶ፦
አመሰግናለሁ። ክዳኑ ከሆነ ቡሎኖቹን ማጥበቅ አይበቃም?

ቁልፍ 14፦
አይበቃም። የደረቀ ጎማ ቢጠብቅ አይለሰልስም፤ ትርፉ አሉሚኒየሙ ውስጥ ያለውን ጥርስ መብላት ነው። አዲስ ጋስኬት አስገባ። ጋስኬቱ የሚያርፍበትን ፊት በፕላስቲክ ፍቀህ በጨርቅ አጽዳ፣ በካቻቢቴ አትፋቀው፣ ይጫራል። ሲሊኮን የሚቀባው የቼኑ (የሞተሩ ሰንሰለት) ሽፋንና ቴስታታው በሚገናኙባቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው፣ እሱም የምስር ፍሬ ያህል። ዙሪያውን ከቀባኸው ትርፉ ተላቆ ኮፓ (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ይወርድና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በየተራ፣ በ10 ኒውተን ሜትር አጥብቅ፤ በአጭር ቁልፍ በእጅ አንጓ ብቻ እንደማለት ነው። ከገጠምከው በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩን አታስነሳ።

ጨጨሆ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ጋስኬት በተቀየረ በወራት ውስጥ ደግሞ ሲያፈስ አብዛኛውን ጊዜ የተረሳው ፒሲቪ ቫልቩ፣ የሞተሩን የውስጥ ግፊት የሚያስተነፍሰው ትንሽ ቫልቭ ነው። እሱ በጥላሸት ሲደፈን የሞተሩ ውስጥ ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በደካማው ሲል በኩል ይገፋዋል። ፈትተህ አራግፈው፣ ቻክ ቻክ ማለት አለበት። በቴስታታው በኩል ሲነፋ አየር በቀላሉ ያሳልፋል፣ በተቃራኒው ግን አየሩ መቸገር አለበት። ዋጋው ከካምቢዮ ማውረድ ጋር አይወዳደርም፣ ጥርጣሬ ካለህ ቀይረው።

የዘይት ፊልትሮውንም እይ፤ የአሮጌው ጎማ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ ያፈሳል። ሌላው የዘይቱ ልክ ነው፦ ይህ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፣ የ4 ሊትሩን ጀሪካን ሙሉ አትገልብጥ፣ በዲፕስቲክ ለካ።

የኋላው ሲል መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ካምቢዮው በወረደበት የፍሪሲዮን ዲስኩንም አስለካ። አለዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ለማውረድ ሙሉ የእጅ ዋጋ ትከፍላለህ።