ለድሬዳዋ የአማተር ሬዲዮ ክበብ ምን ይጠቅማታል?

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን በፍላጎት እርስ በርስ በሬዲዮ የሚገናኙበት፣ ክበብ ለማቋቋም እየመከርን ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች በሞቱባት በዚህች ከተማ፣ ክበቡ ከጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ ለኅብረተሰቡ ምን ሊያበረክት እንደሚችል ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1፦ ጎርፉ የሚነሳው ከደጋው በመሆኑ፣ በከተማዋ ጠብታ ሳይወርድ ደረቁ አሸዋ በድንገት ወንዝ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በደጋው በደንገጎ በኩል የሚኖር አንድ አባል ዝናቡን አይቶ የሚያስተላልፈው መልእክት ሰዎች ከወንዙ ዳር እንዲርቁ ጊዜ ይሰጣል። የስልክ መስመር ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደውል ይጨናነቃል፤ ሬዲዮ ግን በመኪና ባትሪ ይሠራል፣ የአንዱንም ንግግር ሁሉም ይሰማል።

ምላሽ 2፦ በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ነገር ግን በ144 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ በአብዛኛው በቀጥታ ስለሚጓዝ ተራራ ይከልለዋል፤ ከፍታ ላይ የሚተከል ደጋሚ ጣቢያ (መልእክቱን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ) ያስፈልጋችኋል። ተራራውን ተሻግሮ ሐረርን ለማግኘት ደግሞ በ7 ሜጋ ኸርዝ፣ የአንቴናውን ሽቦ ከመሬት ብዙ ሳታርቁ ዘርጉት፤ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ተንጸባርቆ ይመለሳል። ይህ በተለይ ቀን ላይ ይሠራል።

ምላሽ 3፦ ከሁሉ በፊት ስለ ፈቃዱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘውን፣ በመጠሪያ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ (ET3AA) የሚባለውን የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ ልምድም ብትቀስሙ እመክራለሁ። ልምምዱን ከክረምት በፊት ጀምሩ።