አምቡላንስ ስንጠራ ምን ብለን እንጀምር?

ጥያቄ፦
ባለፈው ወር ሌሊት ላይ አባቴ አንድ ጎናቸው ዝሎ አንደበታቸው ተሳሰረ። አምቡላንስ ለመጥራት ስደውል ስለ ደም ግፊታቸውና ስለ መድኃኒታቸው ብዙ ካወራሁ በኋላ «የት ናችሁ?» ስባል «ጀሞ ኮንዶሚኒየም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ጠፋኝ። ሹፌሩ መልሶ ሲደውልልኝ ደግሞ ስልኬ በዘመድ ጥሪ ተይዞ ነበር። አባቴ ተርፈዋል፤ ነገር ግን ያ ሌሊት ከልቤ አልወጣም። ምን ብዬ መጀመር ነበረብኝ?

መልስ 1፦
እግዚአብሔር ይማርልዎት። በአምቡላንስ ላይ በበጎ ፈቃደኝነት ስላገለገልሁ የምመክርዎ ቦታውን እንዲያስቀድሙ ነው፤ መስመሩ በመሀል ቢቋረጥ እንኳ መኪናው የሚነሣው ቦታው ሲታወቅ ነውና። ጀሞ 1፣ 2 እና 3 የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩን፣ ብሎኩን፣ ፎቁንና በአቅራቢያ ያለውን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ምልክት ይናገሩ። ቀጥሎም ሕመምተኛው ይተነፍሳል ወይ፣ ይሰማል ወይ የሚለውን በአጭሩ ይመልሱ። ተቀባዩ «ይበቃል» ሳይል ስልኩን አይዝጉ፤ ከዚያ በኋላም ያንን ስልክ ለማንም አይደውሉበት፣ ለዘመድ የሚነግረው ሌላ ሰው ይሁን።

መልስ 2፦
በእኛ ሰፈር ከስልኩ ይልቅ የሚያዘገየው መንገዱ ነው። አንድ ጎረቤት የስልኩን መብራት አብርቶ አስፋልቱ ዳር ይቁም፤ ሌላው የግቢውን በር ያስከፍት። ብሎካችን ሊፍት የለውም፤ ስለዚህ ሕመምተኛው አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነና መራመድ ካልቻለ በስልኩ አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ቃሬዛውን በደረጃ የሚያወርዱ ጎረምሶችንም መኪናው ሳይደርስ መጥራት ይሻላል።

መልስ 3፦
የአባትዎ ዓይነት ምልክት ሲታይ «ሌሊት ጀመረው» ማለት አይበቃም። ይህ የስትሮክ (የአንጎል ደም ዝውውር በድንገት መታወክ) ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ስትሮኩ ከደም መርጋት የመጣ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ በሚገኝበት ሆስፒታል፣ በአብዛኛው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት ስላለበት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበትን ሰዓት ይንገሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ነው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብሎካችንን፣ ፎቃችንንና ቁጥሮቹን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከበሩ ጀርባ ለጥፌዋለሁ። እናቴ ያለ መነጽር ማንበብ ስላልቻሉ ዛሬ እንደገና አጉልቼ ጽፌዋለሁ።