ርዕሰ መምህሩ «ማኅተም ጠባቂ» ነውን?

የጠመኔ አቧራ፦ ባለፈው ሳምንት በወረዳችን ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «ተማሪ የወደቀበት ርዕሰ መምህር ራሱን ይመርምር» ሲሉ ሰምቼ ደሜ ፈላ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ከ40 በመቶ የሚበልጡት አንድም ተማሪ አላሳለፉም፤ ያ ሁሉ ርዕሰ መምህር ተማክሮ ሰነፈ ልንል ነው? መምህር የሚመድበውም ሆነ በጀት የሚለቀው ወረዳው ሆኖ ሳለ፣ ርዕሰ መምህሩ ከማኅተም ጠባቂነት ያለፈ ምን ሥልጣን አለው?

የሦስት ልጆች አባት፦ «ማኅተም ጠባቂ» ያሉት ቃል ተስማምቶኛል። የእኛው ዳይሬክተር ማኅተሙን በሚገባ ስለሚጠብቁት ለልጄ መልቀቂያ ለማውጣት ሦስት ቀን ተመላልሼ ሦስቱንም ቀን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብያለሁ። ቆሜ ስጠብቅ በመስኮት ያየሁት 8ኛ ክፍል መምህር አልነበረውም፤ የክፍል አለቃው ሰሌዳው ላይ የረባሾችን ስም ይጽፍ ነበር። ለዚህም ተጠያቂው ወረዳው ነው?

የጠመኔ አቧራ፦ ስብሰባውን የሚጠራው ማን ሆነና!

ጡረተኛዋ ዩኒት ሊደር፦ በሥራቸው ካገለገልኳቸው ርዕሳነ መምህራን አንዱ በየሳምንቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው 40 ደቂቃውን ሙሉ ካዳመጡ በኋላ፣ መምህሩን ለብቻው ጠርተው «ጠየቅህ፤ ራስህም መለስህ፤ ልጆቹ መቼ ይናገሩ?» ይሉት ነበር። ወረዳው ያው ወረዳ፣ ማኅተሙም ያው ማኅተም ነበር።

የጠመኔ አቧራ፦ እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔም ሐሙስ ዕለት ለምልከታ ክፍል ልገባ ስል ተደውሎ የጸደቁ ችግኞችን ቁጥር እስከ ስድስት ሰዓት እንድልክ ታዘዝኩ።

የሦስት ልጆች አባት፦ ለካስ ርዕሰ መምህር ነዎት! ስለ ራስዎ እየተሟገቱ እንደሆነ ከመነሻው ቢነግሩን ምን ነበረበት?

የጠመኔ አቧራ፦ ብሆንስ፣ የተናገርኩት ሐሰት ይሆናል?

ጡረተኛዋ ዩኒት ሊደር፦ ችግኙን ምክትልዎ ቢቆጥሩት ምን ይጎድል ነበር?

የጠመኔ አቧራ፦ ምክትሌ ሒሳብ እያስተማሩ ነበር፤ ከመስከረም ጀምሮ የሒሳብ መምህር አልተመደበልንም።

የሦስት ልጆች አባት፦ የእኔ ልጅ መልቀቂያም ከመስከረም ጀምሮ አልተፈረመም።