በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ የተሽከርካሪና የመንገድ ዳር ጣቢያ ግንኙነት፦ የሲሙሌሽኑ ውጤት ለምን ከሚገባው በላይ አማረ?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በተሽከርካሪዎችና በመንገድ ዳር በሚተከል ጣቢያ መካከል ያለውን ገመድ አልባ ግንኙነት እየመረመርኩ ነው። ቦታው በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነው። ጣቢያውን በድልድዩ አንድ ጫፍ በ6 ሜትር ምሰሶ ላይ፣ የተሽከርካሪውን አንቴና በ1.5 ሜትር ከፍታ አድርጌ፣ ለተሽከርካሪ በተዘጋጀው የዋይፋይ ዓይነት በ802.11ፒ ስታንዳርድና በ5.9 ጊጋኸርዝ፣ ኤንኤስ-3 በተባለው የኔትወርክ ሲሙሌሽን ሶፍትዌር ሠራሁት። ከአስፋልቱ የሚነጥረው ሞገድ እንዲታሰብልኝ «ባለ ሁለት ጨረር» የሚባለውን ሞዴል ብመርጥም፣ ውጤቱ ቀጥታውን ሞገድ ብቻ ከሚያስበው ከነፃ ህዋው ሞዴል በምንም አልተለየም፤ ፓኬቶቹም (የሚላኩት የመረጃ ጥቅሎች) ሁሉ ይደርሳሉ። ምኑን ልመርምር?

መልስ 1
እህቴ፣ የኤንኤስ-3 ባለ ሁለት ጨረር ሞዴል ከአንድ የመሻገሪያ ርቀት በታች የሚያሰላው በነፃ ህዋው ቀመር ነው። ርቀቱ የሚገኘው የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ አባዝቶ፣ በ4 ፓይ አብዝቶ፣ ለሞገዱ ርዝመት በማካፈል ሲሆን፣ የሞገዱ ርዝመት 5.1 ሳ.ሜ. ገደማ ስለሆነ በእርስዎ ቁጥሮች 2.2 ኪ.ሜ. አካባቢ ይመጣል። ድልድዩ በሙሉ ከዚያ በታች ስለሚያርፍ ነጣሪው ሞገድ ጨርሶ አልታሰበልዎትም። ቀጥታውንና ነጣሪውን ሞገድ ከነፌዝ ልዩነታቸው (ከነውጣ ውረዳቸው መቀዳደም) የሚደምረውን ሙሉ ቀመር ራስዎ ቢያስገቡ፣ ሞገዶቹ የሚጠፋፉባቸው ቦታዎች በ118፣ በ177 እና በ354 ሜትር አካባቢ ይወጣሉ፤ የመጨረሻው ከድልድዩ ማዶ ጫፍ አጠገብ ነው። የአውቶቡስና የባጃጅ አንቴና ከፍታ ስለሚለያይ ቦታዎቹም ይለያያሉና ለሁሉም አንድ ከፍታ አይስጡ።

መልስ 2
እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተሽከርካሪው ብዛት ነው። ተሽከርካሪ ያለበትን የሚያሳውቅበት የደኅንነት መልእክት ለሁሉም የሚሰራጭ በመሆኑ ተቀባዩ ማረጋገጫ አይመልስም፣ ላኪውም የጠፋውን አይደግምም፤ በአንድ ጊዜ የተላኩ መልእክቶች ግጭት ቢበዛም፣ ላኪው ከመላኩ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ በዕጣ የሚወጣበት «የመጠበቂያ መስኮት» አይሰፋም። የዋይፋይን አሠራር በሒሳብ የሚገልጸው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የቢያንኪ ሞዴል ግን እያንዳንዱ ላኪ ዘወትር የሚልከው ፓኬት እንዳለውና ከግጭት በኋላ መስኮቱን እንደሚያሰፋ አድርጎ ስለሚነሣ፣ እንዳለ ከተወሰደ ያሳስታል። ባለ 300 ባይት መልእክት በሰከንድ 6 ሜጋቢት ፍጥነት ቻናሉን 0.45 ሚሊሰከንድ ያህል ይይዘዋል፤ 100 ተሽከርካሪዎች በየሰከንዱ አሥር አሥር ቢልኩ፣ መልእክቶቹ ምንም ሳይጋጩ እንኳ የቻናሉ ጊዜ 45 በመቶ ተያዘ ማለት ነው።

ጠያቂዋ
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በባጃጅና በጣቢያው መካከል አይሱዙ ሲገባ የሚደርሰውን መጋረድ ለመግለጽ፣ የሲግናል መለዋወጥን በዕድል ስሌት የሚገልጸው የናካጋሚ ሞዴል ይበቃ ይሆን?

መልስ 1
አይበቃም። ናካጋሚ የሚገልጸው የሲግናሉን ፈጣን መዋዠቅ ነው፤ አይሱዙ ግን ከፊት እስካለ ድረስ ሲግናሉን ይጋርዳል። የተሽከርካሪዎቹን አቀማመጥ ሱሞ ከተባለው የትራፊክ ሲሙሌሽን ሶፍትዌር ወስደው፣ የቀጥታው መስመር በተቋረጠ ቁጥር የመጋረዱን ኪሳራ ለብቻው ይደምሩ። በአማካይ የደረሱትን ፓኬቶች ብቻም አይመልከቱ፤ በተከታታይ የጠፉትን ይቁጠሩ። በሰከንድ አሥር እየላከ አሥር ተከታታይ መልእክቱ ለጣቢያው ያልደረሰለት፣ በሰዓት 40 ኪ.ሜ. የሚሄድ ባጃጅ ጣቢያው ሳያየው 11 ሜትር ተጉዟል፤ አማካዩ ቁጥር ይህን አያሳይም።