የጎነ አራት ስፋትና ዲያጎናል፦ የተሰጠው ማዕዘን አንድ ብቻ ነው

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ለታናሽ እህቴ ላስረዳት የያዝኩት ጥያቄ ነው። በጎነ አራት ሀለመረ ውስጥ ሀለ = 9፣ ለመ = 12፣ መረ = 8፣ ረሀ = 17 ሳ.ሜ ነው። 90 ዲግሪ መሆኑ የተነገረው ለ ላይ ያለው ማዕዘን ብቻ ነው። ስፋቱንና ሁለቱን ዲያጎናሎች ፈልጉ ይላል። ሬክታንግልም ትራፒዚየምም አይመስልም፤ ከየት ልጀምር?

አባል 1፦ የተቃራኒ ጎኖችን አማካይ አባዛ፦ 8.5 × 14.5 = 123.25።

አባል 2፦ እሱ ልክ የሚመጣው ለሬክታንግል ብቻ ነው። በግብፅ የኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጹ የመሬት ስፋቶችም በዚሁ መንገድ የተሰሉ ናቸው፤ ቅርጹ ሬክታንግል ካልሆነ ግን ሁልጊዜ ከእውነተኛው ስፋት ያበልጣል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሀ እና መን በመስመር አገናኝ። በፓይታጎረስ ሀመ² = 81 + 144 = 225፣ ስለዚህ ሀመ = 15። የጎነ ሦስት ሀለመ ስፋት 9 × 12 ÷ 2 = 54 ነው። የቀረው ጎነ ሦስት ጎኖቹ 8፣ 15 እና 17 ናቸው። እዚህ ጋ በዓይን አይተህ 90 ዲግሪ ነው እንዳትል፣ አስላው፦ 64 + 225 = 289 = 17²። ስለዚህ 90 ዲግሪው ከረጅሙ ጎን ከረሀ ፊት ለፊት፣ በሀመና በመረ መካከል ነው። ብዙዎች ረ ላይ ያደርጉትና ይሳሳታሉ። ስፋቱ 8 × 15 ÷ 2 = 60፤ ድምሩ 114 ካሬ ሳ.ሜ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ! ታዲያ ለረም 15 ነው?

አባል 3፦ አይደለም፤ እዚህ ዲያጎናሎቹ እኩል አይደሉም። ለመን በመ በኩል አራዝመው፤ ከረ ተነስተህ የተራዘመውን መስመር በ90 ዲግሪ የሚነካ መስመር አውርድ፣ የሚያርፍበትን ነጥብ ሠ በለው። መ ላይ ቀጥታው መስመር 180 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ላይ በሀመና በመረ መካከል ያለው 90 ሲቀነስ የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ድምራቸው 90 ይሆናል። ስለዚህ ትንሹ ጎነ ሦስት መሠረ ከሀለመ ጋር ተመሳሳይ ነው፣ መጠኑ 8/15። መሠ = 9 × 8/15 = 4.8፣ ረሠ = 12 × 8/15 = 6.4። ከዚያ ለሠ = 12 + 4.8 = 16.8። ለረ² = 16.8² + 6.4² = 282.24 + 40.96 = 323.2፣ ለረ ወደ 17.98 ሳ.ሜ ይጠጋል።

አባል 2፦ ለእህትህ ስትስልላት ረን ከሀመ ወዲያ ማዶ አድርገው። ለ ባለበት በኩል ከሆነ ጎኖቹ ይቋረጣሉ፣ 54 እና 60ን መደመርም አይሠራም።