«በቅናት ተነሳስቶ» ከዜና ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጠያቂው፦ ባል ሚስቱን ሲገድል ዜናው ብዙ ጊዜ «በቅናት ተነሳስቶ» ይላል። ቃሉ ግድያውን ያለዝበዋል፤ ከዜና ይውጣ እላለሁ። እናንተስ?

ጋዜጠኛው፦ አልስማማም። ቅናት ከ«ቅን» የወጣ ቃል ነው፤ ሰው ለሚወደው ይቀናል። «ለነጻነቱ ቀናኢ ሕዝብ» እንል የለም እንዴ? ጥፋቱ የገዳዩ እንጂ የቃሉ አይደለም።

የግእዝ መምህሩ፦ ልጄ፣ ከ«ቅን» ጋር አታዛምደው። መንገድ ሲቀና፣ ሥራ ሲቀናን የምንለው ግሥ ሌላ፣ ሰው በሰው ሲቀና የምንለው ሌላ ነው። አማርኛ የአልፋውን «አ» እና የዐይኑን «ዐ» ድምፅ ስላልለየ ሁለቱ ተደባለቁ። ትግርኛ ግን አልደባለቃቸውም፤ ቀጥተኛው «ቅኑዕ» ነው፣ ቅናቱ «ቅንኢ»። በግእዝም የቅናቱ ግሥ በአልፋው «ቀንአ» ነው። «ቅንዓት» ብለን በዐይኑ ስንጽፈው ስሕተቱን እናባብሳለን። ይሁንና ቃሉ ክፉ ብቻ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 እግዚአብሔር ራሱን «ቀናተኛ አምላክ» ይላል፤ ዕብራይስጡም የሚጠቀመው ያንኑ ሥር ነው።

ጠበቃዋ፦ መምህር፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ክብሩ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ተራ ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 541 ደግሞ ገዳዩ በከባድ ሁኔታ ተነሣሥቶ፣ ሊታዘንለት በሚገባ ብርቱ ስሜት ውስጥ ሆኖ ከገደለ ቅጣቱን ከ5 ዓመት ወደማይበልጥ ቀላል እስራት ያወርደዋል። ከ540 ወደ 541 መውረድ የሚፈልግ ተከሳሽ ምን እንደሚል ገምቱ። ፍርድ ሳይሰጥ ዜናው መከላከያውን ያነብለታል፤ ሟቿ ግን መልስ አትሰጥም።

ጋዜጠኛው፦ የ«ቅን»ን ነገር ትቼዋለሁ፤ መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን የግድያውን መነሻ ከደበቅን አንባቢ ምን ይማራል?

አንዲት እናት፦ እኔ ልንገርህ። የእኅቴ ባል ስልኳን ሲበረብር፣ ከቤት እንዳትወጣ ሲከለክላት «ስለሚወደኝ ይቀናል» ትለን ነበር። እኛም ደስ ብሎን ዝም አልን። ጥርሷን እስኪያወልቀው ድረስ ያንን ቃል እንደ ምስጋና ነበር የምንሰማው። ጳውሎስ እኮ «ፍቅር አይቀናም» ብሎ ጽፏል፤ በየሠርጉ ሲነበብ ሰምተነዋል።

ጋዜጠኛው፦ «በቅናት ተነሳስቼ ነው ሲል ለፖሊስ ተናግሯል» ተብሎ ቢጻፍስ?

ጠበቃዋ፦ ቃሉ የእርሱ መሆኑ ከታወቀ እስማማለሁ። ከርዕሱ ግን ይውጣ።